«ትናንት ምን በሉ?» ለምን ከባድ ጥያቄ ሆነ?



ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት አይደለም የምጽፍላችሁ። ስለ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ትናንት ምን በሉ?» ስለሚለው። ስኳር ያለበትን፣ ደም ግፊት ያለበትን፣ ኩላሊቱን የሚታከመውን፣ ክብደት መቀነስ የሚፈልገውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ሁሉንም እንጠይቃለን። አንድ ሳምንት «ጥናት አረጋገጠ፣ ቡና ለልብ ጥሩ ነው»፣ በሌላው ሳምንት «ቡና ለልብ መጥፎ ነው» እየተባለ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ዜናም ብዙ ጊዜ ሥሩ ሲታይ ይኸው ጥያቄ ነው። ብዙ ሺህ ሰዎች ስለ አመጋገባቸው ተጠየቁ፣ መለሱ፣ መልሳቸው ከጤናቸው ጋር ተነጻጸረ።

እስቲ ከመቀጠላችሁ በፊት እናንተም ሞክሩት። ትናንት ከነቃችሁበት ሰዓት ጀምሮ አፋችሁ ውስጥ የገባውን ሁሉ አስታውሱ። ምሳና እራት ቶሎ ይመጣላችኋል። ቢሮ ውስጥ የዘገናችሁት ቆሎስ? ልጁ የተወው ፓስታ? ወጡ ጨው አለው የለውም ብላችሁ የቀመሳችሁት? ቡናው ስንት ስኒ ነበር፣ በስንት ማንኪያ ስኳር? ሽሮው ውስጥ የገባው ዘይትስ ስንት ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ የሚችለው ወጡን የሠራው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከጠርሙሱ ዝም ብሎ ስለሚያንቆረቁር አይለካውም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለደም ግፊት መሣሪያ አለን፣ ለስኳር መሣሪያ አለን፣ ለክብደት ሚዛን አለን። ለምግብ ግን እስካሁን በብዛት የምንጠቀምበት መሣሪያ የሰው ትውስታ ነው።

ትውስታው ምን ያህል ይሳሳታል?

ይሄን ለማወቅ ከሰውየው መልስ ውጪ የሆነ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ሳይንቲስቶች አንድ ብልህ ዘዴ አላቸው። ሰውየው ልዩ ውኃ ይጠጣል። ውኃው እንደ ማንኛውም ውኃ ነው፤ ልዩነቱ ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ከተለመደው ትንሽ ከበድ ያሉ መሆናቸው ነው። ጨረር የለውም፣ ጉዳት የለውም። ከዚያ ለአንድና ሁለት ሳምንት ሽንቱ እየተወሰደ ይመረመራል። ከባዱ ሃይድሮጅን የሚወጣው በውኃ መልክ ብቻ ነው። ከባዱ ኦክስጅን ግን በውኃም፣ በምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። የሁለቱ ልዩነት ሰውየው ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳወጣ፣ ማለትም ምን ያህል ጉልበት እንዳቃጠለ ይናገራል። ክብደቱ ካልተለወጠ ያቃጠለው የበላውን ያህል ነው ማለት ነው። ይሉኝታ የለ፣ መርሳት የለ።

በ1992 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ የተሠራ አንድ ዝነኛ ጥናት ይሄን ዘዴ ተጠቅሟል። ሰዎቹ «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላሁ ክብደቴ አልቀንስ አለ» የሚሉ ናቸው። ብዙዎቻችን እንዲህ የሚል ሰው እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችሁም ራሳችሁ ናችሁ። የሰውነታቸው ኃይል አጠቃቀም ሲለካ ችግር የለበትም፣ እንደማንኛውም ሰው ነው። የሚበሉት ግን ነገርኳችሁ ካሉት በላይ ነበር፤ በአማካይ ከትክክለኛው 47 ከመቶ ያህል ቀንሰው ነው የተናገሩት። እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 ከመቶ ያህል ጨምረው።

እባካችሁ ይሄን አንብባችሁ «ወፍራም ሰው ይዋሻል» እንዳትሉ። ሰዎቹ አልዋሹም፤ የሚናገሩትን ያምኑበት ነበር፣ ውጤቱን ሲያዩ የደነገጡም ነበሩ። ቀንሶ መናገርም የእነሱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ2003 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ባደረገው፣ በሜሪላንድ ግዛት 484 ተራ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በዚሁ ልዩ ውኃ የመልሱ ትክክለኛነት ተፈትሿል። «ትናንት ምን በሉ?» ተብለው የተጠየቁ ወንዶች ከ12 እስከ 14 ከመቶ፣ ሴቶች ከ16 እስከ 20 ከመቶ ቀንሰው ተናገሩ። «ባለፈው ዓመት ይሄን ምግብ በስንት ጊዜ ይበሉ ነበር?» በሚለው ረጅም መጠይቅ ሲጠየቁ ደግሞ ስህተቱ ከ30 ከመቶ በላይ ሆነ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ሆዳቸውም ያው ነው። የተለወጠው አጠያየቁ ብቻ ነው።

ስህተቱ እውነትን ሲደብቅ

«ታዲያ ትንሽ ቢሳሳት ምን ችግር አለው?» ልትሉ ትችላላችሁ። ችግር አለው። ለምሳሌ ጨው ግፊትን ይጨምራል ብለን ለማየት ፈለግን እንበል። ብዙ የሚበላው ሰው «ትንሽ ነው የምበላው» ካለ፣ ትንሽ የሚበላውም በግምት «መካከለኛ» ካለ፣ ሁለቱ ወረቀቱ ላይ ይመሳሰላሉ። ያኔ ጨውና ግፊት ግንኙነት የሌላቸው ይመስላል። ግንኙነቱ ግን አለ፤ የጠፋው መለኪያው ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊ በሚለጠጥ ሜትር ቢለካችሁ ሱሪው ለምን እንዳልሆነ ሲጠፋችሁ ማለት ነው።

ይሄ በእውነት ሆኗል። እንግሊዝ አገር ኖርፎክ ውስጥ ሺላ ቢንግሃም የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ሥራ አለ። የሴቶቹ አመጋገብ በሁለት መንገድ ተመዝግቧል፤ በተለመደው መጠይቅና ለሰባት ቀን በእጃቸው በጻፉት ማስታወሻ። ከዚያ ጡት ካንሰር የያዛቸውና ያልያዛቸው ተነጻጸሩ። በማስታወሻው ሲታይ የሚረጋ ስብ፣ ማለትም እንደ ቅቤና ጮማ ያለው፣ ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት አሳየ። በመጠይቁ ሲታይ ግን ግልጽ ግንኙነት አልታየም። አንድ ጥናት ብቻውን መደምደሚያ አይሆንም፣ ስለዚህ ነገ ቅቤ ጣሉ እያልኩ አይደለም። የምላችሁ፣ «ጥናት ምንም ጉዳት አላገኘበትም» የሚል ዜና ስታነቡ «በምን ለክተውት?» ብላችሁ ጠይቁ።

የእኛ ገበታ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው

እነዚህ መጠይቆች መጀመሪያ የተሰናዱት ሰው የራሱን ሳህን ይዞ ለሚበላበት አገር ነው። «ስንት ቁራጭ ዳቦ? ስንት ኩባያ ወተት?» እኛ ጋ ግን አምስት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል። እንጀራ ይጨመራል፣ ወጥ ይጨመራል፣ ጉርሻ ይሰጣል፣ ጉርሻ ይቀበላል። የማን ድርሻ ስንት ነበር? አባት መሃል ያለውን ሥጋ ወደ ልጅ ይገፋል፣ እናት ቆማ እያስተናገደች በመጨረሻ የተረፈውን ትበላለች። ቤተሰቡን በደፈናው ጠይቀን ለአምስት ብናካፍለው፣ እናትየዋ ወረቀቱ ላይ እንደማንም በልታለች፣ ደሟ ግን አንሶ ይገኛል።

ይሉኝታም አለ። ሐኪም ፊት ሲሆን «ጣፋጭ? አይ፣ አልወድም» ይባላል። ደሃ ቤት ውስጥ «ሥጋ በወር ስንት ጊዜ ትበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ እኮ ሌላ ነገርን መጠየቅ ነው፤ ሰው ክብሩን ለመጠበቅ ከፍ ያደርጋል። እርዳታ ሊመጣ ይሆናል ብሎ ያሰበ ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱም ሰው ናቸው፤ ጠያቂው ነው ይሄን አውቆ መግባት ያለበት።

ጾሙን አትርሱ። የሴቶችን አመጋገብ ለመመዘን በዓለም ላይ የሚሠራበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ምግብ በ10 ምድብ ይከፈላል፤ ሴትየዋ ባለፈው አንድ ቀን ቢያንስ ከ5ቱ በልታ እንደሆነ ይታያል። ጥሩ መለኪያ ነው። ግን ሐሙስ ቀን ሄዳችሁ ስለ ረቡዕ ብትጠይቁ፣ ወይም ሁዳዴ ውስጥ ብትጠይቁ፣ የምትጾም ሴት ቤት ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ባዶ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ብትሄዱ ደግሞ ሌላ ሴት ታገኛላችሁ። ረመዳን ላይም እንዲሁ፤ ከሌሊቱ የተበላው ሱሁር የየትኛው ቀን ምግብ ሆኖ ይመዝገብ? ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት የቆረጠ መጠይቅ የአንዱን ሌሊት ከሌላው ያደባልቀዋል። ስለዚህ ጥሩ ጥናት በጾምም በፍስክም ወቅት፣ በሥራ ቀንም በሰንበትም ይጠይቃል። አንድ ቀን የአንድን ሰው ልማድ አይናገርም።

ጤፍና የብረቱ ቁጥር

ሰዎች የበሉትን በትክክል ቢናገሩ እንኳ ሌላ ደረጃ ይቀራል። «አንድ እንጀራ» የሚለው መልስ ወደ ብረት፣ ወደ ካልሲየም፣ ወደ ካሎሪ መለወጥ አለበት። ይሄ የሚሠራው የምግቦች ይዘት በተመዘገበበት ሰንጠረዥ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የካሎሪ መቁጠሪያ አፕሊኬሽንም ከጀርባው እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አለው። ሰንጠረዡ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል።

ጤፍ ብረቱ በጣም ብዙ ነው ሲባል ሰምታችኋል። ቁጥሩ ከየት መጣ? ጤፍ በልማድ የሚወቃው መሬት ላይ፣ በውድማ፣ በከብት ነው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አፈር ይቀላቀለዋል፤ አፈራችን ደግሞ ብረት አለው። ስለዚህ ላብራቶሪ የለካው የጤፉን ብረት ብቻ አይደለም፣ የአፈሩንም ነው። በደንብ ታጥቦ ወይም ከአፈር ተጠብቆ ሲለካ ቁጥሩ በብዙ ይወርዳል። ከዚያ በላይ፣ ጤፍ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ነገር አለ፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ የተወሰነው ይፈርሳል፣ ሁሉም ግን አይደለም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥርና ደም ውስጥ የሚገባው ብረት አንድ አይደሉም።

ይሄን የማነሳው ለእውቀት ያህል ብቻ አይደለም። የእርግዝና ክትትል ላይ የብረት ክኒን ሲታዘዝላቸው «እኔ እኮ ጤፍ ነው የምበላው፣ ብረት ሞልቶኛል» ብለው ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ እህቶች አሉ። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 24ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። የደም ማነስ ምክንያቱ ብረት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በሰንጠረዥ ቁጥር ተማምኖ የታዘዘ ክኒን መተው አይገባም። ጤፉን ብሉ፣ ክኒኑንም ዋጡ። ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግቡም ከክኒኑም ጋር አታገናኙት፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳሉ።

ጨውን የሚናገረው ሽንት ነው

ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ የማየውን ልንገራችሁ። በሃምሳዎቹ ያሉ አባት ይመጣሉ። ሁለት ዓይነት የግፊት መድኃኒት በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ ግፊቱ ግን አልወርድ ብሏል። «ዶክተር፣ ጨው ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ» ይሉኛል። ባለቤታቸውም «እውነት ነው፣ ገበታ ላይ ጨው አይቀርብም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን «ጨው ይበላሉ?» ማለቱን ትቼ ስለ ጓዳው እጠይቃለሁ። በርበሬው ሲሰናዳ ጨው ገብቶበታል? የሽሮ ዱቄቱስ? ወጡ ላይ በኩብ መልክ የሚሸጠው ማጣፈጫ ይጨመራል? ጠዋት ዳቦ ከዳቦ ቤት ነው? በዚህ መንገድ ስንሄድ፣ ገበታው ላይ የሌለው ጨው ከድስቱ ውስጥ ይወጣል። ሦስተኛ መድኃኒት ከነዋጋውና ከነጎንዮሽ ጉዳቱ ከመጨመሩ በፊት ይሄ መታወቁ ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው።

ለጨው ደግሞ ከጥያቄ የተሻለ መለኪያ አለ። ከምንበላው ሶዲየም 90 ከመቶ የሚሆነው በሽንት ይወጣል። ስለዚህ የ24 ሰዓት ሽንት ሙሉውን ከተጠራቀመ የበሉትን ጨው ይናገራል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ኢንተርሶልት የተባለው ጥናት በ32 አገሮች፣ በ52 ቦታዎች፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን በዚህ መንገድ ለክቷል። ሽንቱ ሳይጎድል መሰብሰቡን ለማረጋገጥ ደግሞ በአንዳንድ ጥናቶች ሰዎች ምንም ጉዳት የሌለው ክኒን ይሰጣቸዋል። ክኒኑ በሽንት ስለሚወጣ፣ ከተሰበሰበው ሽንት ውስጥ ጎድሎ ከተገኘ «አንዱን ጊዜ ሽንት ቤት ደፍተውታል» ማለት ነው። ተመራማሪም እንዲህ ካልጠረጠረ አይሆንለትም!

እኛ አገር በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ብሔራዊ ጥናት አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8.3 ግራም ያህል ሆኖ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ያ ግምት የተሠራው ግን ከ24 ሰዓት ሽንት ሳይሆን አንዴ ከተሰጠ ሽንት በቀመር ነው። ለአገር አማካይ ይጠቅማል፤ «አንተ በቀን ይሄን ያህል ትበላለህ» ለማለት ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም የአንድ ጊዜ ሽንት በሰዓቱና በጠጣነው ውኃ ይለዋወጣል።

ታዲያ እንዴት ይሻሻላል?

እንደ ጨው በሽንት የሚለካ ነገር ጥቂት ነው። ፕሮቲንም በሽንት ናይትሮጅን ይገመታል። ለአብዛኛው ምግብ ግን መጠየቅ የግድ ነው፤ ስለዚህ አጠያየቁን ማስተካከል ያስፈልጋል። ጥሩ ጠያቂ አንዴ ጠይቆ አይሄድም። መጀመሪያ ሰውየው እንዳሻው ይዘርዝር። ቀጥሎ የሚረሱትን እየጠራ ያስታውሰዋል፤ መክሰስ፣ ቡና፣ ለስላሳ፣ ጠላ፣ ቆሎ። ቀጥሎ ሰዓቱንና ቦታውን፣ ከማን ጋር እንደበላ። ቀጥሎ መጠኑንና አሠራሩን። በመጨረሻ ሁሉንም አንብቦለት «የቀረ አለ?» ይላል። ሮዛሊንድ ጊብሰንና ኢሌን ፈርጉሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይሄን አካሄድ እንደ እኛ ላሉ አገሮች አስተካክለውታል። ከመጠይቁ በፊት ለቤቱ ሳህንና ኩባያ ይሰጣል፣ የምግብ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይተዋል፣ ሰውየው እየበላ ምልክት ያደርጋል። ያልተማረች እናት ሳትቀር መመዝገብ ትችላለች።

ስልክ በፎቶ ይለካል የሚሉም በዝተዋል። ለማስታወስ ጥሩ ነው፣ እኔም ታካሚዎቼን ፎቶ አንሱ እላለሁ። ግን ካሜራ በያይነቱ ላይ ያለውን ዘይት አያይም፣ ከትሪው የማን እጅ ምን ያህል እንዳነሳም አያውቅም። በፈረንጅ አፕሊኬሽን ላይ «እንጀራ 1» ብላችሁ የምታስገቡትም የማን ምጣድ እንደሆነ አይታወቅም።

በጣም ትክክለኛው ዘዴ ሰውን አስቀምጦ መመገብና መመዘን ነው። ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ነበር። 20 ሰዎች አሜሪካ ውስጥ በምርምር ሆስፒታል ለአራት ሳምንት ኖሩ። ሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዙ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቀደላቸው። የቀረበው ሁሉ ይታወቃል፣ የተረፈው ይመዘናል። ፋብሪካ በሠራው ሳምንት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ በሉ። ማንም «ምን በላህ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ግን 20 ሰው ለአራት ሳምንት ብቻ ነው፤ ካንሰርንና የልብ በሽታን ለማየት ሃያ ዓመት ሰው ማቆየት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው፣ ሽንቱና ምዘናው ተደጋግፈው ነው የሚሠሩት፤ ብዙ ሰው ይጠየቃል፣ ከመካከላቸው የተወሰኑት ደግሞ ይለካሉ፣ በእነሱ ውጤት የሌላው መልስ ይታረማል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ቀጠሮ ካላችሁ ከዚያ በፊት የሦስት ቀን ማስታወሻ ያዙ። ሁለቱ የሥራ ቀን፣ አንዱ የእረፍት ቀን ይሁን፤ ጾመኛ ከሆናችሁ አንድ የጾምና አንድ የፍስክ ቀን ይግባበት። ማታ አስታውሳችሁ ሳይሆን ወዲያው እንደበላችሁ ጻፉ፤ ስልካችሁ ላይ በድምፅ ብትቀዱትም ይሆናል። «ሽሮ በላሁ» አይበቃም። «ሽሮ ሁለት ጭልፋ፣ ከአንድ እንጀራ ግማሽ፣ ከትሪ ከሦስት ሰው ጋር» በሉ። ቡና ከሆነ ስኒውንም ስኳሩንም ቁጠሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት ማንኪያ ከሆነ ስድስት ማንኪያ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሆነ 24 ግራም ስኳር ጠጥታችኋል፣ «ምንም አልበላሁም» በምትሉበት ሰዓት። ዘይትን ለመገመት ደግሞ ቀላሉ መንገድ ጠርሙሱ የተከፈተበትን ቀን መጻፍና ሲያልቅ በቀኑና በቤተሰቡ ቁጥር ማካፈል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ለማስታወሻው ብላችሁ አመጋገባችሁን አታሳምሩ። በተለይ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ፣ ጥሩ ለመምሰል ምግብ ከቀነሳችሁ ስኳራችሁ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን የሚያስተካክለው ላልሆናችሁት ሰው ይሆናል። የ24 ሰዓት ሽንት ከታዘዘላችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን የጠዋት ሽንት ድፉትና ሰዓቱን ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሚቀጥለውን ጠዋት በዚያው ሰዓት ያለውን ጨምሮ፣ በተሰጣችሁ ዕቃ አጠራቅሙ። አንዱ ካመለጣችሁ ደብቃችሁ አታምጡት፤ ንገሩን፣ በሌላ ቀን ይደገማል።

ማስታወሻ ይዛችሁ ያስገረማችሁ ነገር ካለ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። እስካሁን ከታካሚዎቼ በብዛት የምሰማው «ቆሎውን ሳልቆጥረው ነበር» የሚለውን ነው።